ዊንዶውስ ለመቀየር ፎርማት ግድ አይደለም

የኔታ ላፕቶፓቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ከቢቸና ወዲያ ባለ ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ደብረ ማርቆስ የገቡት ለሌላ ጉዳይ ነው። ግን ስክሪኑ ላይ በየጊዜው የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ እየወጣ አላስጽፍ ስላላቸው ኮምፒውተሩንም በዚያው ሊያሳዩ አምጥተውታል። ማስታወቂያው የሚለው ዊንዶውስ 10 ጊዜው አልፏል ነው።

"አንድ ጥገና ቤት አሳየሁት" አሉኝ ቁጭ እንዳሉ። "ልጁ 'ፎርማት ይደረጋል፣ ነገ ይውሰዱት' አለኝ። ፎርማት ምንድን ነው ስለው፣ 'ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው' አለኝ። ሁሉንም ስትል ቅኔውንም ነው? ብለው፣ 'ኮፒ ካላደረጉት አዎ' አለኝ። ተሸክሜው ወጣሁ።"

እንኳን ወጡ። ላፕቶፑ ውስጥ የ12 ዓመት ቅኔ አለ። ተማሪዎች የተቀኙት፣ እሳቸው ያረሙት፣ ከሌላ ጉባኤ ቤት የመጣ። ፎልደሮቹ በየዓይነታቸው ተሰድረዋል፦ ጉባኤ ቃና፣ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ፣ ሥላሴ፣ መወድስ። እኔ ፋይሎቼን እንዲህ አሳምሬ አስቀምጬ አላውቅም።

የጥገና ቤቱን ልጅ አልወቅሰውም። ፎርማት አድርጎ መጫን ፈጣን ሥራ ነው፤ የሚመጣለት ኮምፒውተር ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣለታል። ቫይረስ የበላው ኮምፒውተር ሲገጥመው ደግሞ ትክክለኛው መድኃኒት እሱ ነው። ችግሩ ለሁሉም በሽታ አንድ መርፌ መወጋቱ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ቀምሻታለሁ። "ዲ ላይ ያለው አይነካም፣ አታስብ" ተብዬ ኮምፒውተሬን ሰጠሁ። (ሲ እና ዲ የዲስኩ ክፍሎች ናቸው፤ ዊንዶውስ የሚቀመጠው ሲ ላይ ነው።) እውነትም ዲ አልተነካም። ፎቶዎቼ ግን የነበሩት ዴስክቶፕ ላይ ነበር። ዴስክቶፕ ደግሞ ፊት ለፊት ስለሚታይ ለብቻው የቆመ ቦታ ይመስላል እንጂ ሲ ውስጥ ያለ አንድ ፎልደር ነው። ዶክመንትስና ዳውንሎድስም እንደዚያው። ሲ ፎርማት ሲደረግ አብረው ይሄዳሉ።

ለየኔታ የነገርኳቸው ይህን ነው። ዊንዶውስ የሚለወጥበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ፎርማት ነው፤ ቤቱን አፍርሶ ባዶ መሬት ላይ እንደገና መሥራት። ሌላው ማሻሻል ነው። የሣር ክዳኑን አንስቶ ቆርቆሮ የሚያለብስ ሰው ግድግዳውን አይነካም። ምሰሶው እንደቆመ ነው፣ ጎታው ከነእህሉ ባለበት ነው። ያነሣውንም ሣር ወዲያው አይጥለውም፤ ጓሮ ይከምረዋል።

ኮምፒውተሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አዲሱ ዊንዶውስ መጀመሪያ አሮጌው እየሠራ ሳለ ይገባል። ኮምፒውተሩ ይችለኛል ወይ? ቦታ አለ ወይ? የሚያጣላኝ ፕሮግራም አለ ወይ? እያለ ይመረምራል። የሚያስፈልገውን ፋይልም ያራግፋል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሣል። አሮጌው ዊንዶውስ በማይሠራበት በዚያ ሰዓት፣ የድሮውን የሲስተም ፋይል "ዊንዶውስ ዶት ኦልድ" ወደሚባል ፎልደር ያዞረዋል። ጓሮ የተከመረው ሣር ማለት እሱ ነው። በቦታው አዲሱን ያቆማል። በመጨረሻም ፕሮግራሞቻችሁን፣ የይለፍ ቃላችሁን፣ ዴስክቶፑን፣ ፋይሉን ሁሉ ለአዲሱ ያስረክባል።

"ታዲያ ቅኔውን ገልብጬ፣ ፕሮግራሙንም በፍላሽ ይዤ፣ ፎርማት ቢደረግስ?" አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቅኔው በፍላሽ ይዳናል። ፕሮግራሙ አይዳንም። አንድ ፕሮግራም ሲጫን ፎልደሩን ብቻ አይደለም የሚያስቀምጠው። "ሬጅስትሪ" በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ላይ ስሙን ያስመዘግባል፤ ልክ አዲስ ነዋሪ ቀበሌ ሄዶ እንደሚመዘገበው። ፎልደሩን በፍላሽ ገልብጣችሁ ወደ አዲስ ዊንዶውስ ብትወስዱት የቤት ዕቃው መጣ እንጂ ሰውየው መዝገብ ላይ የለም። አብዛኛው ፕሮግራም እንደዚያ ሲሆን አይነሣም። ፒችትሪ የሚጠቀም የሒሳብ ሠራተኛ ይህን ያውቀዋል። የመጫኛ ሲዲው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ ያስገባው ልጅም አዲስ አበባ ገብቷል። እንዲህ ላለው ሰው ፕሮግራሙን ከነመዝገቡ የሚያሻግርለት ማሻሻሉ ነው።

መቼስ ለምን እንለውጠዋለን? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው። ኮምፒውተሩ በዚያ ቀን አልሞተም፤ እንደ ወትሮው ይሠራል። ከዚያ በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ ግን አይደፈንለትም። ለግለሰቦች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የሚዘልቅ ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ አለ፤ የማይክሮሶፍት አካውንት ይዞ ከሴቲንግ ውስጥ መመዝገብ ነው። ላፕቶፑ ለዊንዶውስ 11 የማይበቃ ሰው በዚህ እፎይታ ሊያገኝ ይችላል። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ የእሱ ድጋፍ የቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ነው። ብዙ ጊዜ ሆነ።

አሁን ወደ ማሽኑ። ዊንዶውስ 11 መራጭ ነው። 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ዲስክ ይላል፤ ይሄ ቀላሉ ነው። ሰው የሚወድቀው ፕሮሰሰሩ፣ የኮምፒውተሩ አንጎል ላይ ነው። ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው ራይዘን 2000 እና ከዚያ ወዲህ ይፈልጋል። ከአይ 5 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩት፤ በ8 የሚጀምር ባለ አራት አሃዝ ከሆነ 8ኛ ትውልድ ነው፣ በ6 ከጀመረ 6ኛ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ሰዎች ይህችን ቁጥር ሳታዩ ብር አታውጡ። ሌላው "ቲፒኤም 2.0" የሚባል የቁልፍ ማስቀመጫ ነው። ብዙ ላፕቶፕ ውስጥ አለ ግን ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ላይ ጠፍቶ ይገኛል፤ ማብራት ብቻ ነው። ማይክሮሶፍት ያዘጋጀው "ፒሲ ኸልዝ ቼክ" የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ የትኛው እንደጎደለ ይነግራችኋል። ይህን ሁሉ መስፈርት በዘዴ አልፎ መጫን እንደሚቻል ዩቲዩብ ላይ ታገኛላችሁ። ይቻላል። የምትጫወቱበት ኮምፒውተር ከሆነ ሞክሩት። የ12 ዓመት ሥራ ያለበት ላይ ግን እኔ አላደርገውም።

የየኔታ ላፕቶፕ ከድሮ ተማሪያቸው የተሰጠ ነው፤ አይ 5፣ 8ኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም። አለፈ። የወደቀው ቦታ ላይ ነው። ሲ ላይ የቀረው 11 ጊጋ ብቻ ነበር። ቅኔው ሁሉ ተደምሮ 1 ጊጋ እንኳ አይሞላም፤ ታዲያ ምን በላው? ዳውንሎድስ ውስጥ "ቴሌግራም ዴስክቶፕ" የሚል ፎልደር ከፈትኩ። መዝሙር፣ ስብከት፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ አንዱ ቪዲዮ ሦስት ጊዜ የወረደ። ከ40 ጊጋ በላይ። የኔታ "ይሄን ሁሉ እኔ ነኝ ያወረድኩት?" ብለው ሳቁ። ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ አዛወርነው። እኔ ማሻሻል የምጀምረው ሲ ላይ ቢያንስ 30 ጊጋ ባዶ ሳይ ነው፤ አሮጌው ዊንዶውስም ጓሮ ተከምሮ የሚቆየው እዚያው ሲ ላይ ነውና።

ከዚያ መጠባበቂያ። ማሻሻል ፋይል አይነካም ብያለሁ፤ ግን ዲስክ በመሐል ሊሞት ይችላል፣ መብራት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የማይተካው ነገር ሁሉ ከኮምፒውተሩ ውጭ መገልበጥ አለበት። ገልብጦ መተው አይደለም፤ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ አንድ ሁለት ፋይል ከፍቶ ማየት። የማይከፈት ኮፒ ኮፒ አይደለም። ፒችትሪ ያላችሁ ፎልደሩን ከመገልበጥ በተጨማሪ ከራሱ ከፕሮግራሙ ሜኑ "ባክአፕ" አድርጉ። ብሮውዘር ላይ ያስቀመጣችሁትን የይለፍ ቃልም ወረቀት ላይ ጻፉት።

ለየኔታ ግን ከሁሉ የሚያሰጋኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ፊደሉ።

አሮጌዎቹ የቅኔ ፋይሎች የተጻፉት በድሮ የአማርኛ ፕሮግራም ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚስማሙበት የፊደላት መዝገብ ነው) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ዊንዶውስም የራሱን የአማርኛ ፎንት፣ "ኒያላ"ን፣ ይዞ የመጣው ከ7 በፊት በነበረው በዊንዶውስ ቪስታ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች አንድ ብልሃት ነበራቸው። የእንግሊዝኛው ፊደል መቀመጫ ላይ የእኛን ፊደል ሥዕል ያስቀምጡ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል መጻፉን ነው፤ "ሀ" ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከጠፋ መወድሱ ሁሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ሰው ይህን ሲያይ "ፋይሌ ተበላሸ" ብሎ ያጠፋዋል። አልተበላሸም! ፎንቱን መልሶ ሲጭኑት ቅኔው ይመለሳል። ማሻሻል እንዲህ ያሉ ፎንቶችን ብዙ ጊዜ ይዞ ይሻገራል። እኔ ግን ዊንዶውስ ውስጥ ካለው "ፎንትስ" ፎልደር ሁሉንም ወደ ዲስኩ ገለበጥኩ። ሜጋ ባይት ቢቆጥር ነው፤ የሚያድነው ግን ዓመታትን ነው።

ኒያላም ራሱ ጣጣ አለው። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ዋናው ጥቅል ውስጥ የለም፤ ተጨማሪ ሆኖ ነው የሚመጣው። ዊንዶውስ የግዕዝ ፊደልን "ኤብሪማ" በሚባለው ፎንት ማሳየት ስለሚችል ጽሑፉ ይነበባል፤ መልኩ ግን ይለወጣል፣ የገጹ ቁጥር ይዛባል። "መጽሐፌ 80 ገጽ ነበር፣ አሁን 86 ሆነ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ፎንቱን ጠርጥሩ። ሴቲንግ ውስጥ "ኦፕሽናል ፊቸርስ" ገብታችሁ "ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ" የሚለውን ብትጨምሩ ኒያላ ይመለሳል። ኢንተርኔት ይፈልጋል።

የመጫኛውን ፋይል ቀድሜ አውርጄው ነበር። በሌሊት ጥቅል ነው ያወረድኩት፤ ከ5 ጊጋ በላይ ነው። አንዴ ከወረደ ለስንት ኮምፒውተር ይሆናል። ወደ ፍላሽ ስትገለብጡት "ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው" ካላችሁ ፍላሹ ቦታ አጥቶ ላይሆን ይችላል። "ፋት 32" በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ውስጡ ያለውን አውጥታችሁ ፍላሹን "ኤክስፋት" ወይም "ኤንቲኤፍኤስ" ብላችሁ አዘጋጁት። (አያችሁ፣ ፎርማትም ቦታ አለው፤ ለፍላሹ።)

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ በፍላሹ ማስነሣት የፎርማት መንገድ ነው። በዚያ በኩል ከገባችሁ ፕሮግራም ይዞ መሻገር የሚባል ነገር የለም። መግባት ያለባችሁ በበሩ ነው። ኮምፒውተሩ በርቶ፣ አሮጌው ዊንዶውስ እየሠራ፣ ፋይሉን ወደ ዴስክቶፕ ገልብጣችሁ ሁለቴ ትጫኑታላችሁ። እንደ ሲዲ ይከፈታል። ውስጡ "ሴትአፕ" የሚለውን ታስነሣላችሁ። ከዚያ በፊት ፕሪንተሩን፣ ፍላሹን፣ የውጭውን ዲስክ ንቀሉ። ከሌላ ድርጅት የመጣ አንቲቫይረስ ካለ ከኮምፒውተሩ አስወግዱት፤ ማሻሻልን በመሐል ከሚያስቆሙት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ዲስኩ በ"ቢትሎከር" የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ 48 አሃዝ ያለውን የማስመለሻ ቁልፍ ፈልጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉና መቆለፊያውን ለጊዜው አስቁሙት። ባዮስ ነካክተው ያን ቁልፍ የተጠየቁና የሌላቸው ሰዎች አውቃለሁ። በዚያ ጊዜ የሚረዳ ማንም የለም።

ጥቂት "ቀጥል" ካላችሁ በኋላ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ ምን ይቆይ? ሦስት ምርጫ አለ። የመጀመሪያው ፋይልም ፕሮግራምም ይቆይ ነው። ሁለተኛው ፋይል ብቻ ነው፤ ፕሮግራሞቹ ይሄዳሉ። ሦስተኛው ምንም አይቅር ነው። እኛ የምንፈልገው የመጀመሪያውን ነው።

የየኔታ ላይ የመጀመሪያው ደብዝዞ አልጫን አለ።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ "አይቻልም ማለት ነው" ብሎ ሁለተኛውን ይጫናል። አትጫኑ። ሰርዛችሁ ውጡ፤ እስካሁን ምንም አልተነካም። ምርጫው የሚደበዝዘው አሮጌውና አዲሱ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። የኮምፒውተሩ ዊንዶውስ "ሆም" ሆኖ መጫኛው ለሌላ ዓይነት ከሆነ አይገጥምም። አሮጌው ባለ 32 ቢት ከሆነም አይሆንም፤ ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ብቻ ነው። ከዊንዶውስ 7ም ፕሮግራም ይዞ በቀጥታ ወደ 11 መዝለል የለም፤ መጀመሪያ 10 ላይ ማረፍ ግድ ነው። የ7 ቁልፍም ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲሱን እንዲያስነሣ አይፈቀድለትም። እኛን የያዘን ግን ከሁሉ ትንሿ ነበረች፤ ቋንቋ። የየኔታ ዊንዶውስ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ነው። እኔ ያወረድኩት "ኢንግሊሽ ኢንተርናሽናል" የሚለውን ነው፤ ማለትም የእንግሊዞቹን። ለእኛ ያው እንግሊዝኛ ነው። ለእሱ ሌላ አገር ነው። ሌላ 5 ጊጋ፣ ሌላ ሌሊት። የኔታ ማርቆስ አደሩ።

በማግሥቱ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርን። ጠዋት ያልኩት አውቄ ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናቡና መብረቁ ሲጀምር መብራቱ ምን እንደሚሆን የጎጃም ሰው ይነገረዋል? ባትሪው 100 ሲል፣ ቻርጀሩ እንደተሰካ፣ የመጀመሪያዋን ምርጫ ተጫንኩ። አሁን በራች።

ከዚህ በኋላ ሥራው መጠበቅ ነው። ኤስኤስዲ ዲስክ ላለው 1 ሰዓት ገደማ፣ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላለው ሦስትም አራትም ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ደጋግሞ ይጠፋል፣ ይነሣል። አንዱ ቁጥር ላይ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ይቀራል። ያኔ ነው ሰው ትዕግሥቱ አልቆ የማጥፊያውን ቁልፍ የሚይዘው። የዲስኩ መብራት ብልጭ እስካለ ድረስ እጃችሁን ሰብስቡ።

46 በመቶ ላይ መብራት ሄደ። ሰማዩ ጥርት እንዳለ! የኔታ "ኧረ በማርቆስ!" ብለው ብድግ አሉ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) የቆመ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ቢሆንስ? በመጀመሪያው ክፍል፣ አሮጌው ዊንዶውስ ገና እየሠራ ሳለ ከጠፋ ብዙ ችግር የለም፤ አሮጌው ይነሣል፣ እንደገና ትጀምራላችሁ። ከዚያ በኋላ ከጠፋ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ራሱ ወደ አሮጌው ይመልሳችኋል፤ የተሠራውም እንዲያ ተደርጎ ነው። ብዙውን ጊዜ ማለት ግን ሁልጊዜ ማለት አይደለም። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ያላችሁ ዩፒኤስ ተዋሱ።

4 ሰዓት ሳይሞላ አዲሱ ዊንዶውስ ብቅ አለ። ከስክሪኑ ግርጌ ያሉት ቁልፎች መሐል ላይ ተሰልፈው ሲያዩ የኔታ አልወደዱትም። ወደ ግራ መለስኩላቸው፤ ከታስክባር ሴቲንግ ነው። ከዚያ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ከፈቱ። መወድሱ አለ። ፊደሉም ፊደል ነው። ዊንዶውሱ አክቲቬት ሆኗል ወይ፣ ማለትም ፈቃዱ ጸንቷል ወይ ብዬ አየሁ፤ ሆኗል። በሕጋዊ ቁልፍ የሚሠራ ዊንዶውስ 10 ወደ 11 ሲሻገር ሌላ ክፍያ የለውም። በክራክ፣ ማለትም ፈቃዱ ተሰብሮ የገባ ፕሮግራም ግን ከማሻሻል በኋላ ቢያኮርፍ አትደነቁ። ያልሠራው ፕሪንተሩ ብቻ ነው፤ ሁለት ቀን ቆይተው ከደብሩ ደወሉልኝ። አሮጌ ፕሪንተር ስለሆነ ድራይቨሩን፣ ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ከአምራቹ ገጽ አውርጄ በቴሌግራም ላክሁላቸው።

ቀን መቁጠር የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። አሮጌው ዊንዶውስ ጓሮ ተከምሮ የሚቆየው 10 ቀን ነው። በዚያ ውስጥ አዲሱ ካልተስማማችሁ ሴቲንግ ገብታችሁ ከ"ሪከቨሪ" "ጎ ባክ" ትላላችሁ፤ ወደ ነበራችሁበት ትመለሳላችሁ። ፋይሎቻችሁ አይጠፉም፤ ከማሻሻሉ በኋላ የጫናችሁት ፕሮግራም ግን ይጠፋል። 10 ቀን ሲሞላ ዊንዶውስ ክምሩን ራሱ ይጠርገዋል፣ መመለሻውም ይዘጋል። ስለዚህ ቦታ ያዘ ብላችሁ በሦስተኛው ቀን አታጥፉት። በእነዚያ ቀናት የምትጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች ሁሉ አንድ ጊዜ ክፈቱ፤ በወር አንዴ የምትከፍቱትን ጭምር። ችግሩ በ11ኛው ቀን ከተገኘ ዘግይቷል።

በ9ኛው ቀን ለየኔታ ደወልኩ። ምን የጎደለ ነገር አለ? ስላቸው ምንም አሉኝ። የውጭውን ዲስክስ የት አኖሩት? ስላቸው፣ ከዳዊታቸው ጋር ማኅደሩ ውስጥ ከትተው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።